መታወቂያውና ሰውዬው፦ የሠራተኛ ፋይል ማጣራት ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም 19፣ ሰኞ

ዛሬ ጀመርኩ። የቡና መጋዘንና መፈልፈያ ነን። ቋሚ ሠራተኛ 29፣ የዘንድሮ ወቅታዊ እስካሁን 42። ድምር 71። የሁሉንም ፋይል ከፍቼ ሦስት ነገር ማየት አለብኝ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው ወይ? ዕድሜው ለያዘው ሥራ ይፈቀዳል ወይ? የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ እዚህ አገር ለመሥራት ፈቃድ አለው ወይ?

ለምን አሁን ቢባል፣ በጥበቃችን በጋሼ ምክንያት። ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። የአያታቸው ስም በኛ ፋይል አንድ፣ በመታወቂያቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ፎርማቸውን የሞላው ሰው መታወቂያ አላየም፤ በቃል ጠይቆ ነው የጻፈው። ይኸው ጡረታቸውን ለማስፈጸም እስካሁን ይመላለሳሉ። በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ምን ደረሰ?» ይሉኛል። አዲስ ደብዳቤ በጻፍን ቁጥር ሌላ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ጥፋቱ የኛ ነው።

ያለኝ ዕቃ፦ ስካነር ያለው ፕሪንተር፣ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ኤክሴል። የገዛሁት፦ 6 ቦክስ ፋይል 1,320 ብር፣ ሁለት ደስጣ ወረቀት 1,700፣ ፐንቸር 350። የድርጅቱ ባለቤት «ለወረቀት ይሄ ሁሉ?» አለ። የጋሼን ነገር አስታወስኩት። ፈረመ።

መስከረም 21

ፋይል ሳልከፍት ሌላ ነገር ገጠመኝ። የሚዛን ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ የመታወቂያ ክምር አገኘሁ። 11 ናቸው። ኮፒ አይደሉም፣ ኦሪጅናል። ያለፉት ዓመታት ወቅታዊ ሠራተኞች መታወቂያ ነው። የድሮው ካቦ «ጆንያና መሀረብ ይዘው እንዳይጠፉ» ብሎ እንደ መያዣ ያስቀምጥ ነበር። ሰዎቹ ሥራ ጨርሰው ሄደዋል። መታወቂያቸው እዚህ ቀርቷል።

እኔም ይሄን ልማድ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ተው አላልኩም። ሰው ያለ መታወቂያ ኬላ ላይ ምን ይላል? ባንክ ምን ይላል?

የ7ቱ ስልክ ፋይል ውስጥ ነበር፣ ደወልኩ። አምስቱ መጥተው ወሰዱ። አንዱ ሻሸመኔ ነው፤ በሚያውቀው ሹፌር ላክንለት። አንዷ ሳቀችብኝ። «ጠፋብኝ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ማስረጃ አውጥቼ፣ ከፍዬ፣ አዲስ ካወጣሁ ሁለት ዓመቴ!» የቀሩትን 4ቱን መታወቂያው ላይ ወደተጻፈው ቀበሌ በደብዳቤ መለስኩ።

ከዛሬ ጀምሮ፦ ኦሪጅናል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይታያል፣ የመታወቂያው ባለቤት ፊት ኮፒ ይደረጋል፣ እዚያው ይመለሳል። ለአንድ ሌሊት እንኳን አያድርም።

መስከረም 23

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት።

ከማን ልጀምር ስል የማላውቃቸውን አስቀደምኩ። ከዳውሮ፣ ከከፋና ከየም የመጡ ጫኝና አውራጆች። የሄርማታና የቦሳ ቂጦ ልጆችንማ አውቃቸዋለሁ፣ አይቸኩሉም ብዬ። አራተኛው ሰው መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እህቴ፣ የምንጠየቀው እኛ ብቻ ነን እንዴ?» አለኝ። በቁጣ አይደለም። እንዲሁ ነው የጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሥራውን አቆምኩና ከሰዓት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በመረጠው ሥራ መሰማራት ይችላል ይላል። ስለዚህ አንድ የዳውሮ ልጅ እዚህ ለመሥራት ከኔ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም። እኔ የምጠይቀው ኢትዮጵያዊ መሆኑን፣ ማንነቱንና ዕድሜውን ነው። የየት ቀበሌ መታወቂያ እንደያዘ የኔ ጉዳይ አይደለም።

በራችን ላይ ግን ለዓመታት ምን ተለጥፎ ነበር? «የጅማ ነዋሪ መታወቂያ ያለው/ያላት»። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነቀልኩት። ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞ ወጣ፤ በሩ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቀርቷል።

መስከረም 26፣ ሰኞ

እንደገና ከአንድ። አሁን በመደብ ቅደም ተከተል፣ ከላይ ወደ ታች። የመጀመሪያው ፋይል የባለቤቱ ነው። «እኔንም?» አለ እየሳቀ። «አንተንም» አልኩት። ከኪሱ አወጣ። ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ሳቁ ቀረ።

ሁለተኛው የጥራት ኃላፊው ነው። የባለቤቱ የአክስት ልጅ፣ አሜሪካዊ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ። የሱ ወረቀት ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በአዋጅ 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ላይ ካልሆነ በስተቀር። እኛ ደግሞ ቡና ነን። ካርዱን ካሳየ አለቀ።

«ቤት ነው ያለው፣ ነገ አመጣለሁ» አለ።

መስከረም 28

የባለቤቱ እህት አሜሪካ ቢሮ ውስጥ ቅጥር ላይ ነው የምትሠራው። በቴሌግራም የስምንት ደቂቃ ቮይስ ላከችልኝ። እዚያ አይ-9 የሚባል ፎርም አለ፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ሕግ የመጣ። አዲስ ሰው ሥራ በጀመረበት ቀን የራሱን ክፍል ይሞላል። አሠሪው ደግሞ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሰነዱን አይቶ ይፈርማል።

ከሁሉም የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። ሰነዶቹን በሦስት ዝርዝር ነው የሚከፍሏቸው። ፓስፖርታቸው ማንነትንም የመሥራት መብትንም በአንድ ላይ ያረጋግጣል። መንጃ ፈቃድ ግን ማንነትን ብቻ ነው የሚያሳየው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ደግሞ መብትን ብቻ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ከሆነ የያዘው ሁለቱንም ማምጣት አለበት። እኔ እስከ ዛሬ ፎቶ ያለው ካርድ ካየሁ «ተጣርቷል» ብዬ ነው የማልፈው። ማንነትና መብት ሁለት የተለያየ ጥያቄ መሆኑ ዛሬ ገባኝ።

ሌላም አለች። አሠሪው «ይሄን ሰነድ ብቻ አምጣ» ማለት አይችልም። ከተፈቀደው ዝርዝር ምርጫው የሠራተኛው ነው። መልኩን ወይም አነጋገሩን አይቶ አንዱን ብቻ ነጥሎ መጠየቅም ያስከስሳል። የመስከረም 23ቱን ነገርኳት። «እዚህ ብትሆኚ ጠበቃ ይዞ ይመጣልሽ ነበር» አለችኝ።

የኛ ሕግ ሌላ ነው፣ ፎርማቸውን አልገለብጥም። ሦስት ቀኗን ግን ወሰድኩ። ለአዲስ ቅጥር ከመጀመሪያው ቀን በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ፋይሉ ይሟላል። ከዚያ በፊት ማንም መጥቶ «ነገ» ይለኝ ነበር፣ ነገ ደግሞ ወቅቱ ያልቃል።

ቢጫ ካርድ፦ «ረሳሁት፣ ነገ»።

መስከረም 30

ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የመታወቂያችሁን ፎቶ በሥራው ቴሌግራም ግሩፕ ላኩ አልኩ። ሞኝነት። በሁለት ሰዓት ውስጥ የ19 ሰው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ፎቶ ለ60 ሰው ተበተነ። አንዷ ለቃሚ (የተበላሸውን ቡና በእጅ ከሚለዩት) በግል ጻፈችልኝ፦ «ዕድሜዬን ሁሉም አየው፤ አጥፊልኝ በአላህ»። ሁሉንም አጠፋሁ። የሰው ስልክ ላይ የወረደውን ግን ማን ያጠፋዋል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ ይሉኝታ ብቻ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ፎቶዎቹ ደግሞ ለምንም አልሆኑም። ግማሹ ብዥ ያለ፣ ግማሹ አውራ ጣት የጋረደው። ወደ ጠረጴዛው ተመለስን።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሙሉ ቀን በስም አጻጻፍ አለቀ።

እዚህ የቀበሌ መታወቂያ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ነው የሚጻፈው። የኛ ፔሮል በአማርኛ ነው። ባንኩ በእንግሊዝኛ። አንድ ሰው ሦስት ስም አለው ማለት ነው። ለምሳሌ ጫልቱ የሚል ስም በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በ«ሲ» እና «ኤች»። ጠይባ በቁቤ በ«ኤክስ» ነው የምትጀምረው። እንግሊዝኛው ላይ በ«ቲ»። ፊደል ቅደም ተከተል ብለህ ስትፈልጋት የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላለች።

በዚህ የተነሳ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጫልቱ ተገኙ። የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ። አንዷ ለቀማ ላይ፣ ሌላዋ ጽዳት ላይ። ልቤ ተሰቀለ። የሌለ ሰው ደመወዝ እየወጣ ነው ብዬ የሁለት ዓመት ፊርማ ገለበጥኩ። ለካ አንድ ሰው ናት። አምና ጽዳት ላይ ሠርታ ዘንድሮ ለቀማ ላይ ስትቀጠር ሌላ ጸሐፊ ሌላ ስፔሊንግ ጻፈ፤ የአምናው አልተሰረዘም። ደመወዙ የወጣው አንዴ ብቻ ነው። ልጅቷን በልቤ ሌባ አድርጌያት ነበር። ሻይ ጋበዝኳት፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

መፍትሔ፦ ሦስት የስም ዓምድ። አንዱ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል። አንዱ በአማርኛ። አንዱ ፋይዳው ላይ እንዳለው። ማስተካከል ክልክል ነው። ስህተት የሚመስል ፊደል ቢኖር እንኳን እንዳለ ይገለበጣል። የጋሼን ነገር ያመጣው ያ «ማስተካከል» ነው።

ጥቅምት 6

ፋይዳ ካወጡት ጀመርኩ። ከ71ዱ 37ቱ አላቸው። ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ሞላሁ። ማታ ሳየው የ37ቱም ሰው ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ነው። ሁሉም!

መጀመሪያ ሰዎቹን ጠረጠርኩ። ከአንድ ኮፒ ቤት የወጣ ፎርጅድ መሰለኝ። ለባለቤቱ ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር፤ እንኳን አልደወልኩ። አንዱን ኮፒ አውጥቼ ሳመሳክር ካርዱ ላይ መጨረሻው 7 ነው፣ ኤክሴሉ ላይ 0። አጥፊው ኤክሴል ነው። ኤክሴል ቁጥር ሲይዝ 15 አሃዝ ብቻ ነው በትክክል የሚይዘው። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ 16 አሃዝ ነው። አስራ ስድስተኛውን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል፣ ቃል አይተነፍስም። ቲን ቁጥር ላይ ደግሞ በተቃራኒው ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይበላል። 10 አሃዝ የነበረው 8 ሆኖ ይቀራል። ሂሳብ ሹሟ «እኔ እኮ ሁልጊዜ በእጄ ነው የምጨምረው» አለችኝ። አልተናገርሽም እንዴ!

የሚደረገው፦ ቁጥር ከመጻፍህ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» አድርገው። ከተጻፈ በኋላ ብትቀይረው የጠፋው አይመለስም። 37ቱንም እንደገና ጻፍኩ፣ ሂሳብ ሹሟ እያነበበችልኝ፣ አራት አራት እየከፈልን።

ለማስታወስ፦ ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው። 12 አሃዙ የሰውዬው ቋሚ ልዩ ቁጥር ነው። ካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ በየዕለቱ ለማሳየት የተሠራ ምትክ ቁጥር ነው። እኔ የምይዘው 16ቱን ነው።

ጥቅምት 8

ፋይዳ ለሌላቸው ግማሽ ቀን ከነክፍያው ፈቃድ ሰጠን። ምዝገባው ነጻ ነው፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን፣ የፊት ፎቶ። 14 ሰው ሄደ። አንዱ ሸካሚ ተመልሶ መጥቶ መዳፉን አሳየኝ። የጣቶቹ ጫፍ እንደ መስታወት ለስልሷል። ጆንያ ነው የበላው። «ማሽኑ እጅ የለህም አለኝ» ብሎ ሳቀ። ደጋግመው አንስተውለት፣ በዓይኑም ተመዝግቦ ተሳካለት።

ፋይዳ ያላወጣን ሰው ግን ሥራ አልከለክልም። ጊዜው ያላለፈ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ካመጣ ይበቃል።

ቢጫ ካርድ፦ አልመጣም።

ጥቅምት 11

የትውልድ ቀን ዓምዱን ሳጣራ አንዲት ለቃሚ 25 ዓመት ተብላ አየሁ። ቀና ብዬ በመስኮት አየኋት። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። 25?

መታወቂያዋን አስመጣሁ። 12/05/2000 ይላል። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ምልክት የለውም። በፈረንጅ ካነበብከው ሜይ 12፣ 2000 ነው፤ 25 ዓመቷ። በኛ ካነበብከው ጥር 12፣ 2000 ነው፤ 17 ዓመቷ። ቀኑ በሁለቱም ያስኬዳል። ካቦው በፈረንጅ አንብቦ አስገባት። ልጅቷ ፊቱ ቆማ ነው ያስገባት።

እናቷን ጠራሁ። ሦስታችን ቢሮ ተቀመጥን።

«እትዬ፣ ልጅሽ መቼ ነው የተወለደችው?»

«ዓመቱን እኔ በቁጥር አልይዝም ልጄ። የሚሊኒየሙ በዓል ሲከበር፣ ያ ሁሉ ርችት ሲተኮስ፣ በሆዴ ነበረች። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ወለድኳት።»

ሚሊኒየሙ መስከረም 1፣ 2000 ነው። ቡናው ተለቅሞ የሚያልቀው ታኅሣሥ፣ ጥር። አለቀ። ልጅቷ 17 ናት።

ከ15 እስከ 18 ያለ ሠራተኛ መቅጠር አይከለከልም። አዋጅ 1156/2011 «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት የለም። በሳምንት ዕረፍት ቀንና በበዓል የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የለም። እኛ ምን ስናደርግ ነበር? በቀን 8 ሰዓት፣ ጭነት ሲኖር ደግሞ ማታ ትርፍ ሰዓት። ሁለት እሑድም ሠርታለች።

ከነገ ጀምሮ 7 ሰዓት፣ ክፍያዋ ሳይነካ። ትርፍ ሰዓቱ ቀረ። ከመፈልፈያው አቧራ ርቃ ከመስኮቱ በኩል እንድትቀመጥ አደረግን። ልጅቷ አኮረፈች። የትርፍ ሰዓቱን ብር ለደብተር ነበር የምትፈልገው። «ዕድሜዬን ለምን ጠየቅሽ?» አለችኝ። እናትየው በኦሮምኛ ተቆጣቻት። እኔ ግን ልጅቷ ልክ ነች ብዬ አሰብኩ፤ ኪሷን የነካሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱን የሁለት እሑድ ካሳ ብዬ 600 ብር ለመንኩትና ሰጠ።

ጥቅምት 12

የሁሉንም ቀን እንደገና ማየት ግድ ሆነ። ኤክሴል እዚህም ሸውዶኛል። የኛን ቀን ስትጽፍለት የፈረንጅ ነው ብሎ ይወስዳል። ጥቅምት 30 የተወለደውን «30/02» ብለህ ስትጽፍ ፌብሯሪ 30 የለውምና እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ በኩል ይተወዋል። ሌላውን ግን ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ከዚያ ዕድሜ በስህተት ያሰላል። እኔ በግራ የቀሩትን ብቻ ነበር ስህተት ናቸው ብዬ የማስተካክለው። ትክክል የመሰሉኝ ናቸው የተበላሹት።

አሁን ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ ለየብቻ። አራተኛው ዓምድ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»። መታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ሰውዬው ይጠየቃል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። 9 ሰው «መስከረም 1» ነው የተወለደው። ዓመቱን እንጂ ቀኑን ለማያውቅ ሰው መዝጋቢው የሚሰጠው ቀን ነው። የልደት ምዝገባ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው 2008 መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የልደት ሰርተፍኬት ይዘህ ና ማለት ሥራ ማስፈታት ነው። መስከረም 1ን እንዳለ ተቀበልኩ።

ጥቅምት 18

ኮፒ። የድሮዎቹ መታወቂያዎች ላይ ብሔር የሚል መስመር አለ። እኔ አያስፈልገኝም፣ ፋይሌ ውስጥም እንዲገባ አልፈልግም። ፋይዳ ላይ የለም፤ ሲመዘገቡም አይጠየቅም።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ ከብስኩት ካርቶን መስኮት ያለው ጭንብል ቆረጥኩ። ካርዱን ከሥሩ አድርጌ ኮፒ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች ሠራ። አራተኛው ላይ መስመሩ ሌላ ቦታ ነው፤ የሸፈንኩት የደም ዓይነቱን፣ የታየው ብሔሩ። ቀበሌው ሲለያይ ፎርሙ ይለያያል። ሁለተኛ ሙከራ፦ ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀት በቀጭን ቆርጬ መስመሩ ላይ መለጠፍ። ይሄ ይሠራል፣ አድካሚ ነው እንጂ። አንድ ካርድ 40 ሰከንድ ይወስዳል። ተለጣፊው 90 ብር።

ፊታቸውን የሚሸፍኑ አራት እህቶች አሉ። ፎቶውን ከሰው ጋር ማመሳከር የሂሳብ ሹሟና የኔ ሥራ ሆነ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካቦው መጀመሪያ «እነሱን እለፊያቸው» ብሎኝ ነበር። ካለፍኳቸው ነገ ሌላ ሰው በነሱ ስም ቢፈርም ማን ይመሰክርላቸዋል?

ጥቅምት 25

የተበላሸውን ቡና በቀለሙ የሚለየው ማሽን መጣ። ሊገጥመው የመጣው ቴክኒሻን የውጭ ዜጋ ነው፤ ሻጩ ነው የላከው። ሻንጣውን ሳያወርድ ፓስፖርቱን ጠየቅኩት። ቪዛው የቱሪስት ነው።

የውጭ ዜጋ እዚህ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ለአንድ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የቱሪስት ቪዛ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ድረስ ያስኬዳል እንጂ ማሽን አያስገጥምም። ባለቤቱ «አሥር ቀን እኮ ነው፣ ማን ያያል?» አለ። «እኔ አየሁት» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም፣ ግን ሳቀና ሻጩ ጋ ደወለ።

ሰውዬው ጨዋ ነው። ሁለት ቀን ጅማን ጎበኘ፣ ጭኮ በላ፣ ሄደ። (ይቺን በኋላ ጨመርኳት።) ሻጩ ከአዲስ አበባ ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን እስኪልክ 17 ቀን ፈጀ። የ17 ቀን ቡና በእጅ ተለቀመ። ባለቤቱ ሂሳቡን እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ለቃሚዎቹ ግን አላዘኑም።

ኅዳር 2

ጄኔሬተራችንን የሚጠግን ልጅ አለ። ስደተኛ ነው፣ ኤርትራዊ። ጊዜው ያላለፈ የስደተኛ መታወቂያ አለው። መስከረም ቢሆን ኖሮ «ፎቶ አለ፣ ተጣርቷል» ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ጠየቅኩ። ማንነቱ ተረጋግጧል። የመሥራት መብቱስ? አዋጅ 1110/2011 ስደተኛ ለውጭ ዜጎች በሚሠራው ሕግ መሠረት ተቀጥሮ መሥራት ይችላል ይላል። መብቱ አለ። ወረቀቱ ግን በእጁ የለም። ደብዳቤ ጽፈን ማመልከቻ አስገባን፤ እስኪወጣ ጄኔሬተሩን ሌላ ሰው ያየዋል። «ከናንተ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። ደስ አላለውም። እኔም ደስ አላለኝም። ጄኔሬተሩ በሦስተኛው ቀን ተበላሸ፤ ሌላው ሰው 2,400 ብር አስከፈለን።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ድረስ፦ ከ71ዱ 66ቱ ሙሉ። ሁለት ሰው መታወቂያቸውን ለማሳደስ አገራቸው ሄደዋል። አንድ ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ በውሃ ጠፍቷል፣ ቀበሌ ልከነዋል። አንዱ ባለቤቱ ነው፤ አሁንም አላሳደሰም። አንዱ ቢጫ ካርድ።

ፎርጅድ ስንት ተገኘ? ምንም። አንድም። የኛ የራሳችን ስህተት ግን 31 ፋይል ላይ፤ ስም 17፣ ቀን 12፣ የሌላ ሰው ኮፒ የተጨመረበት 2።

ወጪ፦ የመጀመሪያው 3,370፣ ቁልፍ ያለው ያገለገለ የብረት ካቢኔት 13,500፣ ተለጣፊ 90፣ ቀለም 1,900። ድምር 18,860 ብር። የካቢኔቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሂሳብ ሹሟ ጋ። ካቦው ጠይቆ ነበር፣ አልሰጠነውም።

ኅዳር 10

ቢጫ ካርዱ መጣ። ስድስት ሳምንት! «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። አየሁት፣ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩት፣ ኮፒ አድርጌ መለስኩለት። 67።

ከሰዓት ጋሼ መጡ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ነገ ይዘው ይሄዳሉ። በዚህኛው ስማቸውን እኔ ራሴ ከመታወቂያቸው እያየሁ ጻፍኩ። ከመፈረሙ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። የአያታቸው ስም ላይ ስደርስ «እሱ ነው» አሉ። «ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት።